ጣቷን እያከሙ

የእናቴ የእግር አውራ ጣት ቀልቶ ሲያብጥ አንሶላ እንኳ ከነካው ትጮህ ነበር። ባምባሲ ወደሚገኝ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰድኳት። ባለቤቱ ጣቷን አይቶ ሳቀ።

«ሪህ ነው፣ የሀብታም በሽታ። ሥጋ ቀንሺ» አላት።

እናቴ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥታ እዚህ የሰፈረች ገበሬ ናት። ሥጋ የምታየው ለአረፋ ነው፤ ያኔም ለጎረቤት አካፍላ የሚተርፋት አጥንቱ ነው። ይህን ልነግረው አፌን ስከፍት ክንዴን ጨበጠችኝ። ሰውዬው መርፌ ወግቷት ሸኘን።

መርፌው ሕመሙን ያስታግስላት ነበር። ስለዚህ ጣቷ በተነሳባት ቁጥር ትሄዳለች፣ እሱም ይወጋታል፤ የማስታገሻ ክኒንም ያዝላታል። እንዲህ እያለ ዓመታት አለፉ። ደሟን የመረመረ፣ ግፊቷን የለካ የለም።

ከዚያ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። ከማሳ ስትመለስ መንገድ ዳር ትቀመጣለች። ሁለቱም እግሮቿ አበጡ።

«ያው ሪሁ ነው፣ ወደ ላይ እየወጣ ነው» አለ ሰውዬው። ደግሞ ወጋት። ብዙም ሳትቆይ ጋደም ብላ መተንፈስ አቃታት። በሚኒባስ አሶሳ ሆስፒታል አደረስናት።

ያከመቻት ሐኪም ልቧን በአልትራሳውንድ አየች፣ ደሟንም አስመረመረች። ከዚያ አልጋው አጠገብ ተቀመጠች።

«እናቴ፣ ልብዎ ደክሟል። ሪሁን የሚያመጣው ዩሪክ አሲድም ደምዎ ውስጥ በጣም ከፍ ብሏል» አለቻት።

«ሥጋ አልበላም እኮ» አለች እናቴ።

«ከሥጋ ብቻ አይመጣም። ሰውነታችን የራሱን አሮጌ ሕዋሳት ሲያፈርስ ፒዩሪን የሚባል ነገር ይወጣል። እሱ ወደ ዩሪክ አሲድ ሲቀየር፣ አብሮ የደም ሥርን የሚጎዳ የኦክስጅን ዓይነት ይፈጠራል። ልብዎን ያደከመው ይሄ ብቻ ነው ብዬ ግን አልዋሽዎትም። ግፊቱ አለ። የማስታገሻው ብዛትም ግፊት ይጨምራል፣ ሰውነት ውስጥ ውሃ ያቁራል።»

እኔ የሰማሁት የመጨረሻውን ነው። ክኒኑን በእጄ እየገዛሁ የማመጣላት እኔ ነበርኩ። ደሜ ፈላ።

እናቴ ትንሽ ሻል ብሏት ከሆስፒታል ስትወጣ ክሊኒኩ ሄድኩ። ሰውዬው ጓንት እያወለቀ ነበር።

«አንድ ቀን እንኳ ግፊቷን ለክተህ ታውቃለህ?» አልኩት።

«ሕመሟን አላስታገስኩላትም?»

«እየገደልካት ነበር።»

«ወንድሜ፣ በሽተኛ አለብኝ» አለና በሩን ዘጋብኝ። በሩ ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ላይ እግሯን ዘርግታ የምትጠብቅ አንዲት ሴት ነበረች። ግፊቷን አስለክታ እንደሆነ ጠየቅኳት። አማርኛው ብዙም አልገባትም መሰለኝ፣ በፈገግታ ጣቷን አሳየችኝ።

ቤት ገብቼ ስፎክር እናቴ ትራስ ተደግፋ አዳመጠችኝ።

«እና ያኔ ሌላ ማን ነበረኝ?» አለች። «አሶሳ ማን ይወስደኝ ነበር?»

እውነቷን ነበር። ያም ይበልጥ አናደደኝ።

አሁን ማሳውን የምታርሰው እህቴ ናት። እናቴ መድኃኒቷን ትውጣለች፣ ደጃፏ ላይ ትቀመጣለች፣ ውሃ መቅዳት አትችልም። ክሊኒኩ አልተዘጋም። በሚኒባስ ሳልፍ አግዳሚው ሁልጊዜ ሰው ሞልቶት አየዋለሁ፤ ጥርሴን ነክሼ አልፋለሁ።