ከፍተኛ ጠላቂ በጸበል ገንዳ

ወገቤ ላይ ድንጋይ አስሬ ላሊበላ ጸበል ገንዳ ውስጥ የዘለልኩት እኔው ራሴ ነኝ፤ የገፋኝ የለም። በደርግ ዘመን ቀይ ባሕር ዳር የጠላቂነት ሥልጠና ጨርሼ ለገና በፈቃድ አገሬ ገብቼ ነበር። ሥልጠናው ደግሞ ተራ አይደለም፤ «ከፍተኛ» ነው። ይህን ያልሰማ ላስታ ውስጥ ቢኖር፣ እኔ መንገድ ላይ ያላገኘሁት ሰው ብቻ ነው።

ልጅ ለመውለድ የጓጓች ጎረቤታችን በበዓሉ እንደ ደንቡ በገመድ ታስራ ገንዳው ውስጥ ስትነከር የጋብቻ ቀለበቷ ወልቆ ሰመጠ። አማቷ ወዲያው ፈረዱ፦ «ጸበሉ ቀለበቱን ከወሰደ ትዳሩን አልወደደውም። ልጄ ሌላ ያግባ።»

እያለቀሰች መጣች። «ወንድምዓለም፣ ኮርስህ ለዚህ ካልሆነ ለመቼ ሊሆን ነው?»

ባሕር ስንገባ እንድንሰምጥ የእርሳስ ብረት እንታጠቅ ነበርና በዚያው ልክ ድንጋይ ታጠቅሁ። ጨዋማ ውኃ ሰውን ወደ ላይ ይገፋል፣ የጠላቂ ልብስም ያንሳፍፋል፤ እርሳሱ ለዚያ ነበር። እኔ ግን በግልድም ነኝ፣ ውኃውም ጨው የለውም። ቁልቁል ወረድኩና ጭቃ ውስጥ ተተከልኩ። የገንዳው ጠባቂ ቄስ በታሰርኩበት ገመድ ባይጎትቱኝ እዚያው በቀረሁ።

«ከፍተኛው ይኸ ነው?» አሉኝ።

«አዎ አባ።»

«ዝቅተኛውስ እንዴት ነበር?»

ምን ልበላቸው? ጠዋት ጠዋት አሸዋ ላይ በሆዳችን እየተሳብን «ዋና» ተለማመድን። አሠልጣኛችን ጸጉሩ ረጥቦ አይቼው አላውቅም። አንዱ ባልደረባዬ «ጨው የሌለው ውኃ ቢያጋጥመንስ?» ብሎ ቢጠይቀው «ጓድ፣ ባሕር ጥያቄ አይወድም!» አለው። ከፍተኛው ከመጀመሪያው የሚለየው መፈክሩ በመርዘሙ ነው። እሱን ደግሞ ከሁሉ አብልጬ የምጮኸው እኔ!

ጎረቤታችን የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ታየኛለች። ድንጋዩን ፈትቼ ወረወርኩ። «አባ፣ አንዴ ልድገም።»

«ተው፣ ትሞትብናለህ!» አሉ አማቲቱ።

ትንፋሼን ይዤ ወረድኩ፤ ጭቃውን በሁለት እጄ ዝቄ ወጣሁ። ጠጠር፣ ቅጠል፣ ከዚያ ቀለበቱ። አማቲቱ በቀሚሳቸው ጠርገው የምራታቸው ጣት ላይ አጠለቁት። «ጸበሉ ከመለሰው እኔ ማን ነኝ?» አሉ። ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩ፦ «ኮርሱ ግን ድንቅ ነው! የእህቴን ልጅ ልላከው?»

«እማማ፣ እንዳያደርጉት!» ብዬ ጮህኩ። በእልልታው መሐል ማን ይስማኝ? ልጁን ላኩት። «ስሞት፣ አፈር ስሆን» እያልኩ ብለምንም፣ ኮርሱ ከንቱ ነው ስል የሚያምነኝ አንድ ሰው እንኳ አላገኘሁም።

ያን ዕለት ከገንዳው ወጥቼ በብርድ ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ ቄሱ ጋቢያቸውን ደረቡልኝ። በማግስቱ እሱኑ ለብሼ ቀይ ባሕር ዳር ወዳለው ጦር ሠፈሬ ተጓዝኩ፤ እዚያ ጨዋማው አየር በላው። ዛሬም ከቅዳሴ ስንወጣ ቄሱ ዓይናቸውን ከኔ ሳያነሱ ትከሻቸውን ያሻሉ። ጋቢውን እስካሁን አልተካሁላቸውም።