የቀብር እንጨት ጣሪያ

ትእዛዙ የደረሰን ማለዳ ነው። «ከመርሳ በላይ ያለውን ጉብታ ያዙ፤ ምሽግ ቆፍሩ፤ ሌላ ትእዛዝ እስኪደርሳችሁ ንቅንቅ እንዳትሉ።» ወጣን። እኔ የመርሳ መካኒክ ነኝ፤ የማውቀው ሙቀት፣ ግራሶና የማንጎ ጥላ ነው። ጉብታው ላይ ስንደርስ ጉም ዋጠን። ጉሙ ገለጥ ሲል ዛፎቹን አየኋቸው፤ ዝግባና ጥድ፣ ክረምት ከበጋ ቅጠላቸው የማይረግፍ። ጫፋቸውን ለማየት ቀና ስል ኮፍያዬ ከራሴ ወደቀ። ጦርነት ላይ መሆኔን ረስቼ ቆምኩ። በዚያ ሰዓት ለምን እንዲያ ደስ እንዳለኝ ዛሬም አላውቅም።

«ማሻአላህ! ይኼ እያለ እኔ መርሳ ላይ ጭስ ስጠጣ ኖርኩ» አለ አህመድ፣ የትልቁን ዝግባ ግንድ እየደባበሰ። አህመድ ባጃጅ ነጂ ነበር፤ ከዘመቻው በፊትም ጓደኛዬ ነው። ባጃጁ በተበላሸች ቁጥር እኔ ዘንድ ይመጣ ነበር፤ እሷም መበላሸት አትሰለችም።

ስፍራው አሮጌ መስጊድና መቃብር አለበት። የመቶ መሪያችን ቁጡ ሰው አልነበረም፤ ግን ቸኩሏል። ከማዶ ያለው ጦር ሞርታር እንደያዘ ሰምቷል። «ምሽጉ ጣሪያ ካላገኘ እናልቃለን። ትልቁን ዝግባ ጣሉት» አለ። መጥረቢያ ስናነሳ የመስጊዱ ጠባቂ ሼህ ደረሱ።

«ልጆቼ፣ እዚህ እርጥብ ዛፍ አይቆረጥም። ከአያት ከቅድመ አያት የመጥረቢያ ስለት አርፎበት አያውቅም።»

«አባቴ፣ እውነትዎን ነው፤ ግን ልጆቹ ያልቁብኛል» አላቸው መሪያችን።

ሼሁ «ተከተሉኝ» አሉ። ከዚያ ወደ መስጊዱ ጀርባ ወሰዱን። በራሱ ጊዜ የወደቀ ግንድና ቅርንጫፍ ተጠርቦ ተከምሯል። የአገሬው ሰው ሲሞት አፈር ከመመለሱ በፊት ከአስከሬኑ በላይ የሚረበረብ እንጨት ነው፤ ለማገዶ እንኳ አይነካም። «ለሙት ያስቀመጥነውን ለሕያው ውሰዱት። አላህ ያውቀዋል» አሉ።

ተሸክመን ተመለስን። ረበረብነው፤ አፈር ጫንንበት። እንዲህ ባለ እንጨት ሥር ማን እንደሚተኛ ክርስቲያኑም እስላሙም ያውቃል። ግን ገባን። አህመድ ብቻ እምቢ አለ።

«ወላሂ አልገባም። በቁሜ ልቀበር?»

«አንተ ሰውዬ፣ እንጨት እኮ ነው!»

«ላንተ እንጨት ነው። እኔ ዝግባው ሥር እሆናለሁ። እየው እስቲ፣ ሰማዩን እንኳ ጋርዶታል።»

ተቆጣሁት። በእናትህ ብዬ ለመንኩት። «አብሽር» ብሎ ሳቀብኝ። መሪያችን ወደ ግራ ክንፍ ሄዶ ነበር፤ ቢኖር በጥፊም ብሎ ያስገባው ነበር።

ጉሙ አልነሳ አለ። ከዛፎቹ ውሃ ይንጠባጠባል፤ ጠብታው ሁሉ ኮቴ ይመስለናል። እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ፣ ክላሼን አቀባብላለሁ፣ አንገቴን አውጥቼ አህመድን አያለሁ። እሱ ግንዱን ተደግፎ ወደ ላይ ያያል። አሥር ጊዜ ልሄድና ጎትቼ ላመጣው አሰብኩ።

ቀትር ሲቃረብ ጉሙ ሳሳ። ተኩስ ተከፈተ። ተኮስን። ሞርታሩ ጀመረ። የመጀመሪያው አለፈን። ሁለተኛው ፊት ለፊታችን ወደቀ፤ ጣሪያው አፈር አራገፈብን እንጂ አልተደረመሰም። ሦስተኛው መሬት አልደረሰም። ዝግባው ጫፍ ላይ ፈነዳ፤ ፍንጣሪው ወደ ታች ዘነበ። ዛፍ ከሞርታር እንደማይከልል፣ እንዲያውም እንደሚብስ፣ ከመካከላችን የሚያውቅ አልነበረም።

ከቀትር በኋላ ጸጥ አለ። የሞተብንን ቆጠርን። ዝግባው ሥር አህመድ። በግራ ክንፍ መሪያችንና አንድ የሐራ ልጅ። ሦስት ሰው። ከጣሪያው በታች የነበርን ሁላችን ተርፈናል።

አህመድን እዚያው መቃብር ልናሳርፍ ቆፈርን፤ የሚረበረብ እንጨት ግን አልቀረም። አንዱ ጣሪያውን እናፍርስ አለ። ሼሁ ከለከሉ። «ሙት ዳግመኛ አይመታም። እናንተ ግቡበት፤ ለእሱ ድንጋይ አምጡለት» አሉ። ጠፍጣፋ ድንጋይ ፈልገን ከደንነው። የዚያን ቀን ያለቀስኩት ድንጋዩን ስሸከም ነው።

ጦርነቱ ካለፈ በኋላ እናቱን ይዤ ወጣሁ። አካባቢው ያንለት እንደነበረው በጉም ተሸፍኗል። መቃብሩ ላይ ዱዓ አደረጉ። ከዚያ የት እንደወደቀ ጠየቁኝ፤ አሳየኋቸው። ዝግባው ጫፉ ተቀንጥሷል፤ ጎን ለጎኑ ግን ለምለም ነው። ቀና ብለው ብዙ አዩት።

«አቤት ማማሩ! አልሐምዱሊላህ፣ ሜዳ ላይ አልነበረማ። ልጄን ይኼ ነው የጋረደው?» አሉኝ።

የተቀነጠሰውን ጫፍ አየሁ።

«አዎ፣ እማማ» አልኳቸው።

እናንተ ልጆች ስለ ጦርነቱ ስትጠይቁኝ የማስበው ይህን ጥያቄ ነው። ሌላ መልስ እስካሁን አላገኘሁለትም።