አባቴን የገደልኩበት ደብዳቤ

ባለፈው ሳምንት ለልጄ የላስቲክ ጫማ ገዛሁላት። አረንጓዴ ነው። ከነፌስታሉ በረንዳው ላይ ትቼው ገበያ ደርሼ ስመለስ ፀሐይ አግኝቶት ኖሮ የአዲስ ላስቲክ ሽታ ደጁን ሞልቶ ጠበቀኝ። እዚያው በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ልጄ «እማ፣ ምን ሆነሽ?» አለችኝ። ምንም አልሆንኩም አልኳት። ለእሷ ያልነገርኳትን ለእናንተ ልንገራችሁ። ያ ሽታ የመጀመሪያ ላፕቶፔ ሽታ ነው። ላፕቶፑን ያገኘሁት ደግሞ አባቴን ገድዬ ነው።

ያደግኩት ካርቱም ነው፤ ጀሪፍ፣ ከጥቁር ዓባይ ብዙ በማይርቅ የጭቃ ቤት ውስጥ። እናቴ ሐበሻ ናት፣ አባቴ ሱዳናዊ። እሷ አል-ጣኢፍ በሚባለው ሰፈር በአንድ ሀብታም ቤት ስታጸዳና ስታጥብ ትውላለች፤ እሱ ከጀሪፍ እስከ መሐል ከተማው ገበያ፣ እስከ ሱቅ ዐረቢ፣ የሚመላለስ ሐፍላ ይነዳል፣ እናንተ ሚኒባስ የምትሉትን። ከእሷ ጋር በአማርኛ፣ ከእሱ ጋር በዐረብኛ አወራ ነበር። ሲጣሉ ሁለቱም በየቋንቋቸው ስለሚሳደቡ አንዱ የሌላውን ስድብ ግማሹን አይሰማውም፤ እንደዚያም ሆኖ ጥሩ ትዳር ነበራቸው እላለሁ። አባቴ ማታ ሲገባ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። እጁን በኦሞ ታጥቦ፣ ሽታው ግን ሳይለቀው፣ ጉንጬን ቆንጠጥ ያደርገኝና «ያ ቢቲ» ይለኛል። ልጄ ማለት ነው።

ትምህርት ቤቴ ሐበሾች ግቢ ተከራይተው የከፈቱት ነበር። ቆርቆሮው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ጀምሮ ይንጣጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚማር ሰው የለም፣ ሁሉም ላቡን ይጠርጋል። አንድ ቀን ሰልፍ ላይ ዲሬክተሩ ላፕቶፕ ሊመጣልን መሆኑን ነገረን። ባሕር ማዶ ያለ ሰው ለልጁ አንድ ላፕቶፕ ሲገዛ የሁለቱን ዋጋ ይከፍላል፣ ሁለተኛው ለድሃ አገር ልጅ ይላካል፤ በሌላ መንገድ አይሸጥም። ዲሬክተሩ ይህን ሲያስረዳን ድምፁ ተንቀጠቀጠ። እኔ ግን ያኔም ክፉ ነበርኩ መሰለኝ፣ እዚያ ያለው ልጅ እኔ ድሃ ባልሆን ኖሮ የእሱንም አያገኝም ነበር ብዬ አሰብኩ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ነገሩ ደስ አለኝ።

የመጣው ላፕቶፕ ለተማሪው ግማሽም አልበቃ። ስለዚህ አባት የሞተባቸው ይቅደሙ ተባለ። እናቴ ይህን የሰማች ዕለት ከሥራ እንደ ገባች ነጠላ ጫማዋን ሳታወልቅ እንደ ቆመች ቀረች። አል-ጣኢፍ የእመቤቲቱ ልጅ ጠረጴዛ ላይ ኮምፒውተር አለ። እናቴ በየቀኑ አቧራውን ትጠርጋለች፣ ቁልፎቹን ግን እንዳትነካ ተነግሯታል። እሷን የሚያንገበግባት ይኸው ነበር። በነጋታው ፈቃድ ጠይቃ ትምህርት ቤት መጣችና ዲሬክተሩ ፊት ቁጭ ብላ፣ ዓይኗን በጨው አጥባ፣ የልጄ አባት ሞቷል አለች። እኔ አጠገቧ ቆሜያለሁ። አባቴ በዚያች ሰዓት ሱቅ ዐረቢ ወረፋ ይዞ ተሳፋሪ ይጠብቃል።

እዚህ ላይ ነው የተሳሳተችው። ፎርሙ የሱዳን ፎርም ነው፤ የልጁ ስም፣ የአባት፣ የአያትና የቅድመ አያት ተጽፎ ካላለቀ አይሞላም። ሌላ ስም ብትፈጥር ማንም አያውቅባትም ነበር። እናቴ ግን የባሏን ዘር እስከ ሰባት ቤት በቃሏ ትወጣዋለች፤ ሲያገባት ዘመዶቹ «ሐበሻይቱ» እያሉ ሲያሾፉባት ተናድዳ ያጠናችው ነው። ሞተ ማለቱ አልከበዳትም። የማንን ስም ልጻፍ ሲላት ግን ልጇን ዲቃላ የምታደርግ መሰላት። አራቱንም ስም፣ አንዱንም ሳታዛንፍ፣ በኩራት አስጻፈችው።

የእደላው ቀን አንዲት ፈረንጅ መጣች። ፀሐይ ፊቷን አቅልቶታል። ላፕቶፑን እያቀፍን ፎቶ ስታነሳን፣ እኔ ጥርሴን ብልጭ ሳደርግ፣ በሁለት ጣቶቿ የራሷን ከንፈር ወደ ታች ስባ አሳየችኝ። አትሳቂ ማለቷ ነው። ገባኝ። አንጀት የሚበላ ፊት ሠራሁላትና አውራ ጣቷን አነሳችልኝ። ላፕቶፑ አረንጓዴና ነጭ ነው፤ ቁልፎቹ ለስላሳ ላስቲክ ሆነው የአማርኛ ፊደል ታትሞባቸዋል። አፍንጫዬን ቁልፎቹ ላይ ደፍቼ ወደ ውስጥ ሳብኩት። ከዚያ በፊት በቤታችን ከነላስቲኩ የተገዛ ነገር አላየሁም ነበር።

የደብዳቤው ነገር የመጣው በማግስቱ ነው። እያንዳንዳችን በላፕቶፓችን ለለጋሹ የምስጋና ደብዳቤ መጻፍ ነበረብን፤ በአማርኛ፣ ከዚያ ይተረጎማል። ዲሬክተሩ በመካከላችን እየዞረ አባታችሁ በምን እንደ ሞተ ጻፉ፣ ሰው እንዲያው አይሞትም አለን። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ አባቷ የእውነት የሞተባት ናት። «ታመመ። ሞተ።» ብላ ጻፈችና እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። ትምህርት ቤት የምትመጣው በአባቴ ሐፍላ ነው፤ አንዳንድ ቀን ሳያስከፍል ያወርዳታል። የእኔን ስክሪን አየች፣ እኔን አየች፣ ፊቷን አዞረች።

እኔ ግን አንድ ገጽ ሞላሁ። አባቴ ሹፌር ነበር ብዬ ጀመርኩ። ወደ መደኒ ከተማ በሚወስደው መንገድ ላይ መኪናው ተገለበጠ። ደሙ አስፋልቱ ላይ ፈሰሰ። ጫማው ብቻውን መንገድ ዳር ተገኘ። ጫማውን ስጽፍ እንደ ተደሰትኩ አስታውሳለሁ፤ ጥሩ ነገር እንዳገኘሁ ታውቆኛል። ዲሬክተሩ የእኔን ከሁሉ መርጦ ለክፍሉ አነበበው። የልጅቷን ሁለት ቃል ደግሞ ይህ ስሜት የለውም፣ ጨምሪበት አላት። ጭንቅላቷን ነቀነቀች እንጂ አልጨመረችም።

አባቴ ላፕቶፑን ሲያይ እናቴ፣ ልጅቷ በማርክ የተሸለመችው ነው አለችው። አመነ። ተራው ላይ ያሉትን ሹፌሮች ሁሉ «ቢቲ ኮምፒውተር ተሸለመች» እያለ አሰለቻቸው። ቤት ሲገባ እጁን ሁለቴ ታጥቦ፣ በጥፍሩ ብቻ አንዷን ቁልፍ ጫን ያደርግና ፊደሏ ስክሪኑ ላይ ስትወጣ ይስቃል። ምን ብሎ እንደ ጻፈ ይጠይቀኛል። አነብለታለሁ። ትርጉም የለውም፣ «ጠ» እና «ፐ» ነው።

ከዚያ ወባ ጣለው። አራት ቀን ከአንገሬቡ አልተነሳም፤ በዚያች በገመድ በተጠለፈች አልጋ ላይ ተጠቅልሎ ይንቀጠቀጣል። ሞባይሉ ተዘግቶ ቻርጅ የሚያደርግለት አልነበረም። በእነዚያው ቀናት ትምህርት ቤቱ ለሰፈሩ ባለሥልጣናት እንዲታይ ትልቅ ባነር አሠርቶ በሩ ላይ ሰቀለ፤ ላፕቶፕ ያቀፍንበት ፎቶ፣ ከላይ በዐረብኛ ላፕቶፕ የተሰጣቸው የቲሞች፣ አባት የሞተባቸው ልጆች፣ ተብሎ፣ ከሥር ስማችን ከነአባት ከነአያት ከነቅድመ አያት። የአባቴ ኩምሳሪ፣ ሒሳብ የሚቀበልለት ረዳቱ፣ በዚያ ሲያልፍ አየው። የጎበዟን የጓደኛውን ልጅ ፊት ሊፈልግ ነው የቆመው። አባቴ አራት ቀን ከሥራ ቀርቷል፣ ስልኩ አይሠራም። ስሙን አነበበ።

ዓርብ ነበር፣ ከሶላት በኋላ። እናቴ ግቢ ውስጥ ልብስ ታጥባለች። በሩ ሲንኳኳ አባቴ እኔ እከፍታለሁ ብሎ ተነሳ፤ ትኩሳቱ ያን ቀን ለቅቆት ነበር። ብርድ ልብሱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ግድግዳውን እየያዘ ሄደና ከፈተው።

አምስት ሰዎች ነበሩ። ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰዋል። አንደኛው ትከሻ ላይ ስኳር በማዳበሪያ፤ ለቅሶ ቤት የሚወሰደው እሱ ነው። እዚያ አገር ለቅሶ ደራሽ ገና ከደጅ ሁለት መዳፉን ዘርግቶ «አል-ፋቲሓ» ይልና ለሟች ያነባል፤ እነሱም በሩ ሲከፈት መዳፋቸውን ዘርግተው ጀምረው ነበር። ሟቹ በሩን ይዞ ቆሟል። አንዳቸውም እጃቸውን አላወረዱም። አባቴ ማን ሞተ ብሎ ጠየቀ። ኩምሳሪው በሞባይሉ ያነሳውን የባነር ፎቶ ዘረጋለት።

አባቴ ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አነበበው። የእኔን ስም፣ ቀጥሎ የራሱን፣ የአባቱን፣ የአያቱን ስም ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። ከዚያ ዞሮ እናቴን አያት። እናቴ አረፋ በያዘ እጇ ሻሿን ስባ ፊቷን ሸፈነች። ይገድለናል ብያለሁ። እሱ ግን ስልኩን መለሰና፣ ብርድ ልብሱ ከትከሻው እየወደቀ፣ ሁለት መዳፎቹን ዘረጋ።

«አል-ፋቲሓ» አለ።

እስከ መጨረሻው አነበበው። ሰዎቹም የሚያደርጉት ጠፍቷቸው አብረውት አነበቡ። ሲጨርስ እንደ ደንቡ ፊቱን በመዳፉ ጠረገና ግቡ፣ ሻይ ጠጡ አላቸው። ሻዩን ያፈላሁት እኔ ነኝ፤ በለቅሶው ስኳር። ሦስት ሦስት ማንኪያ ጨመርኩላቸው። አንደኛው መጀመሪያ ፈገግ አለ፣ ከዚያ ሁሉም እየተንከተከቱ ሳቁ፣ አባቴም ሳቀ። ሲወጡ አንዱ «በል ደኅና ዋል፣ ማርሑም» አለው። ሟች ማለት ነው።

እናቴ ወደ እሱ ጠጋ ብላ በዐረብኛ ለልጅቷ ብዬ ነው አለችው። አውቃለሁ አላት። ከዚያ እኔን ጠርቶ ላፕቶፑን አምጪ አለኝ። ለካ ዲሬክተሩ ደብዳቤዬን ከሁሉ መርጦ እንዳነበበው ከኩምሳሪው ሰምቷል፤ ያ ደግሞ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲያጣራ ነው የተነገረው። አንብቢልኝ አለኝ። አማርኛውን ወደ ዐረብኛ እየመለስኩ፣ ቃል በቃል፣ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አነበብኩለት። መዝለል እችል ነበር፤ እሱ ፊደሉን አያውቅም። ጫማውን እንኳ አልዘለልኩም። ለምን እንዳልዘለልኩ ዛሬም ራሴን እጠይቃለሁ፤ መልሱን አልወደውም። ጥሩ ጽሑፍ እንደ ሆነ እንዲያውቅልኝ ፈልጌ ነው።

ጣሪያውን እያየ ሰማኝ። ስጨርስ ዓይኑን ወደ እኔ መለሰ።

«ተሳፋሪዎቹስ?» አለኝ።

አላሰብኩባቸውም ነበር። ሁሉም ተርፈዋል አልኩት።

«አልሐምዱሊላህ» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «አንቺስ? አለቀስኩ ብለሻል?»

«አዎ፣ ያባ» አልኩት።

ደብዳቤው ውስጥ እንዲህ የሚል አልነበረም። እሱ ግን ራሱን ነቀነቀና ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ።

ተራው ላይ ማርሑም የሚለው ስም ተለጠፈበት። ተሳፋሪው ሳይቀር ሰምቶ ይጠራው ጀመር፤ «ማርሑም፣ እዚህ ጋ አውርደኝ» ይሉታል። ሁለት ወር ቻለው። ከዚያ በፖርት ሱዳን መስመር የጭነት መኪና ያዘ። መጀመሪያ ዓርብ ዓርብ ይመጣል፣ በኋላ በወር አንዴ፣ በኋላ እዚያው ሌላ ቤት ሠራ ተባለ። እናቴ አልከሰሰችውም፣ አልሄደችበትም። ላፕቶፑ በሁለተኛው ክረምት አቧራ ገብቶበት ሞተ። ጦርነቱ ሲመጣ ከካርቱም የሚወጣው ሰው ግማሹ ወደ ፖርት ሱዳን ሲጎርፍ እኔ እናቴን ይዤ በገላባት ወደ መተማ ወጣሁ። እሱ ያለበትን መንገድ መያዝ እችል ነበር። ምን ብዬ በሩን አንኳኳለሁ? ይኑር ይሙት ዛሬ አላውቅም፤ የሚጠይቀኝም ሲኖር ሞቷል እላለሁ፣ ይቀለኛል።

ግን ያን ዓርብ ከሰዓት፣ እሱ እንደ ተኛ፣ ላፕቶፑን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ደብዳቤውን እንደገና ከፈትኩት። ከተላከ ሦስት ሳምንት አልፎታል፤ ባሕር ማዶ ያለው ሰው አንብቦት፣ ምናልባት ረስቶትም ይሆናል። ያም ሆኖ ከጫማው በታች ባለው ቦታ፣ በላስቲኮቹ ቁልፎች አንድ በአንድ እየለቀምኩ፣ «በጣም አለቀስኩ» ብዬ ጻፍኩ። ዓይኔን ነካሁት፤ ደረቅ ነበር።

አባቴ ሳይዞር «ያ ቢቲ፣ ውሃ» አለኝ። ከእንስራው ቀድቼ ወሰድኩለት። ቀና ብሎ ግማሹን ጠጣና ቀሪውን መለሰልኝ። ሙቀት ነው፣ አንቺም ጠጪ አለኝ።