በጎማው ሥር የፈሰሰው

በረራዬ ማታ ስለነበር፣ ጠዋት እመቤቴን ልሰናበት ብዬ ከባለቤቴ ከተሾመ ጋር ከኮተቤ ወደ እንጦጦ ወጣን። የወጣንባት መኪና ተሾመ ጠበልተኞችን የሚያመላልስባት፣ ከሌላ ሰው የገዛናት አሮጌ ፎር ዊል ናት። እንጀራችን እሷ ነበረች።

ጸልየን፣ ሁለት ጀሪካን ጠበል ሞልተን ከኋላ ጫንን። ልንነሳ ስንል በኋላ ጎማው ሥር መሬቱ ርሶ አየሁ።

«ተሾመ፣ ጀሪካኑን አልከደንከውም እንዴ? ጠበሉን እኮ ሰው ሊረግጠው ነው!»

«ኧረ ከድኜዋለሁ።»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?»

በጣቴ ነክቼ ግንባሬን ቀባሁ። ቅባት ቅባት አለኝ። የተቀደሰ ነገር አይመረመርም ብዬ፣ እንዳይረገጥ አፈር አለበስኩት።

ቁልቁለቱን ስንጀምር ተሾመ ፍሬኑን ደጋግሞ ይረግጥ ጀመር። «አልይዝ አለኝ» አለ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ማርሽ ቀነሰ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበ፤ እኔ የእመቤቴን ስም እየጠራሁ ዓይኔን ጨፈንኩ። መኪናዋ የመንገዱን ዳር አፈር ተደግፋ ቆመች። ሁለታችንም ደህና ነበርን። ተመስገን።

የጠራነው መካኒክ ጎማውን ፈትቶ ሳቀብን።

«እማማ፣ ጠበል አይደለም፤ የፍሬን ዘይት ነው። ውስጥ ውስጡን ፈስሶ የፍሬኑን ሸራ አርሶታል።» ወደ ተሾመ ዞሮ፣ «የሌሎቹ ሦስት ጎማዎችም ዘይት መያዣ ላስቲክ አርጅቷል ጋሼ፤ አራቱንም ያስቀይሩ» አለው።

«ለዛሬ ይቺን ብቻ። እሷ አውሮፕላን አላት።»

በእኔ ምክንያት ሦስቱ ሳይቀየሩ ቀሩ። እኔም ሄድኩ።

አሁን ስዊድን ልጄ ዘንድ ነኝ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቤቱ ይሞቃል፣ ሽሮም ይገኛል። ብዙው ነገር ግን ግራ ይገባኛል። እኛ ለወጥ የምንቆጥበውን ጨው እዚህ በረዶ እንዲያቀልጥ መንገድ ላይ ይበትኑታል። ጨዉ የልጄን አሮጌ መኪና ሆዷን በልቶት ኖሮ፣ «ቤሲክትኒንግ» ወደሚሉት ምርመራ አብሬያት ሄድኩ። ልጅ እግር መርማሪ ከመኪናዋ ሥር ወጣ፤ ልጄ አስተረጎመችልኝ።

«የፍሬን ቱቦው ዝጓል። አትነዱም።»

«ትላንት በደንብ ቆማለች እኮ!» አልኩ።

«ትላንትን አልመረምርም።»

«ለመሆኑ እናት አለህ?»

«አለችኝ። የእሷንም መኪና ከልክያለሁ።»

ሳቅኩ። ቤት ስደርስ ግን ሳቁ ጠፋ። ያን ቀን እመቤቴ አዳነችን፤ ይህን አልጠራጠርም። ግን አስቀድማ በዓይኔ አሳይታኝ፣ አፈር ያለበስኩት እኔ እሆን? ማንን እንደምጠይቅም አላውቅም።

ተሾመ ጋ ደወልኩ።

«ሦስቱን አስቀየርክ?»

«እንዴት ዋልክ የለም?»

«አስቀየርክ ወይ?»

«አንቺ ደግሞ እዚያ ሄደሽ መካኒክ ሆነሽ አረፍሽው! ሁዳዴ ነው፤ ጠበልተኛው በዝቷል። መቼ ላቁማት?»

ከኋላው የሞተር ድምፅና የሴቶች ጨዋታ ሰማሁ።

«እየነዳህ ነው?»

«ከእንጦጦ እየወረድን ነው። ኑ፣ ሰላም በሏት!»

አምስት ስድስት ሴቶች በአንድ ላይ «እንደምን አለሽ እህቴ!» አሉኝ።

«ዝጋው! መንገዱን እይ፤ ስትደርስ ደውል!» ብዬ ራሴ ዘጋሁት።

ድምፁን ልሰማ ሳምንቱን ሙሉ ጠብቄ የደወልኩት እኔው ነበርኩ። ስልኩ ጭኔ ላይ ነው። እስካሁን አልደወለም።