ውሃ ያልነካው ጉልበት

ከአዲስ አበባ የተነሳሁት አጎቴ ጋሽ ሰይድ «ጉልበቴ አላስቀምጥ አለኝ» ብለው ስለደወሉ ነው። ጉልበታቸው ከጦርነቱ በፊት በብረት ተተክቷል። እኔ ቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ነኝና ሐሳቤ ወዲያው ወደ ክፉው ሄደ። ብረቱን ከመፋቅና ከዝገት የሚጠብቀው ስስ ልባጥ ተበልቶ መገጣጠሚያው ላልቶ ከሆነ እንደገና መቀደድ ሊመጣ ነው። በሰባ ዓመታቸው! እስከ ደሴ እንቅልፍ የሚባል ባይኔ አልዞረም።

በማግስቱ ከደሴ በሚኒባስ ወጣሁ። ከሐይቅ ከተማ አለፍ ብሎ የተቃጠለ የጭነት መኪና መንገድ ዳር ቆሟል፤ ጥላው ሥር ፍየሎች ተኝተዋል። ጎኔ የተቀመጠች ከጂዳ የተመለሰች ወጣት ብርቱካን ገምሳ ሰጠችኝ። «አብሽሪ፣ የምትሄጂባቸውን ደህና ታገኚያቸዋለሽ» አለችኝ፤ ፊቴ አሳብቆብኛል ማለት ነው።

ውጫሌ፣ ረፋድ

ከመናኸሪያ በያዝኩት ባጃጅ ደጃቸው ስደርስ ጋሽ ሰይድ ለሶላት ሊታጠቡ፣ ውዱእ ሊያደርጉ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ጉልበታቸውን በፌስታል ጠቅልለው በሲባጎ ጥርቅም አድርገው አስረውታል።

«ጋሼ፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«እንዳይዝግ ነዋ! ውሃ እንዳይነካው ያልሺኝ አንቺ አይደለሽ?»

ክው አልኩ። ብዬ ነበር፤ ከሆስፒታል ሲወጡ።

«ለቁስሉ እኮ ነው! ስፌቱ እስኪወጣ ብቻ!»

«እስኪወጣ መቼ አልሽ? ወላሂ፣ በጦርነቱ ጊዜ ሰዉ ወንዝ ተሻግሮ ሲሸሽ እኔ ብረቴን ብዬ ብቻዬን ቤት ቀረሁ።»

አለቀስኩ። እሳቸው ደግሞ እኔን ያባብላሉ!

ደሴ፣ ከሰዓት

ራጅ ተነሱ። ሐኪሙ ፊልሙን መስኮት ላይ ዘርግቶ አየው። «ብረቱ አጥንቱን ይዞ ቁጭ ብሏል፤ የላላ ነገር የለም። ሕመሙ ከማሰሪያውና ካለመንቀሳቀስ ነው» አለ። እፎይ! ሐኪሙን ላቅፈው ምንም አልቀረኝም።

«ዝገቱስ?» አሉ ጋሼ፣ አሁንም አላመኑም።

«አባቴ፣ ሰውነትዎ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ጨዋማ ነው። ብረቱ ሁልጊዜ እሱ ውስጥ ነው ያለው፤ ሲሠራም ለዚያ ተብሎ ነው የተለበጠው። ከውጭ የሚፈስ ውሃ አይደርስበትም።»

«እና እኔ ምኑን ነው የሸፈንኩት?» ብለው ሳቁ።

ስንመለስ ሐይቅ ላይ «አውርዱኝ» አሉ። ሐይቁ ዳር ላይ ሱሪያቸውን ሰብስበው እስከ ባታቸው ገቡ። «አልሐምዱሊላህ!» እያሉ ውሃውን በእጃቸው እየጨለፉ ጉልበታቸው ላይ ያፈሱታል። ከጉልበታቸው የተፈታውን ፌስታል አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ቤቴ ከገባሁ ሳምንት ሆነኝ። ትናንት አንዲት እናት ከክፍላችን ሲወጡ «ውሃ እንዳይነካው» አልኳቸው። አመስግነው በሩን አልፈው ሄዱ። ነጠላ ጫማዬን እየጎተትኩ ደረጃው ድረስ ሮጬ ደረስኩባቸው።

«እማማ፣ እስከ መቼ እንደሆነ አልነገርኩዎትም!»