ቁጭ ብዬ የመረጥኩት ቴሌቪዥን

በግቢያችን የመጀመሪያው ቴሌቪዥን የገባው በልጄ ጉልበት ነው። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ሌላ ሰው ሌላ ታሪክ ስለሚያወራ ነው። ልጄ ጅዳ ሰው ቤት ተቀጥራ ባጠራቀመችው ተገዛ፤ ገዝቶ ያመጣው ግን የባሌ ታላቅ ወንድም ነበር። ባሌ ከሞተ ወዲህ ከዚህ ሰው ጋር በአንድ አጥር ውስጥ እንኖራለን፤ የእሱ ቤት ከፊት፣ የእኔ ከኋላ። ፊት ለፊት እስካሁን «አንቱ» እለዋለሁ። እዚህ ግን «እሱ» ይበቃዋል።

ያ ቴሌቪዥን ጀርባው ያበጠ፣ ለሁለት ሰው ሸክም የሚሆን ነበር። ከመኪና እንደወረደ ቀጥታ እሱ ሳሎን ገባ። «እንግዳ የሚመጣው በእኔ በር ነው፣ ዲሹም የሚተከለው በእኔ ጣሪያ ነው፣ የቤተሰብ ዕቃ ደግሞ በቤተሰብ ሳሎን ነው የሚቀመጠው» አለኝ። ያን ጊዜ ዝምታ አበዛ ነበር።

ከዚያ በኋላ ለዓመታት ቴሌቪዥንን ያወቅሁት በጆሮዬ ነው። ማታ ማታ ሳሎኑ በሰው ሲሞላ እኔና ሚስቱ ማድ ቤት ነን፤ ትሪ ይዤ እገባለሁ፣ ትሪ ይዤ እወጣለሁ። ዜና አንባቢዎቹን በድምፃቸው እለያቸዋለሁ እንጂ መልካቸውን አላውቅም። በተከታታይ ድራማ ላይ የምጠላት አንዲት ክፉ ሴት ነበረች። ድምጿ ጎርናና ስለሆነ በሐሳቤ ወፍራም አድርጌ ስያት ኖሬ፣ አንድ ቀን ትሪ ላነሳ ገብቼ ባያት እንደ ሸንበቆ የቀጠነች ሆና አገኘኋት። ገረመኝና በሩ አጠገብ ቆም አልኩ። የባሌ ወንድም ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል፣

«ላንቺ ምን ያደርግልሻል? ማድ ቤት ሆነሽ ትሰሚው የለ» አለኝ።

ሰው ሳቀ። ማን ማን እንደሳቀ አስታውሳለሁ፤ ስም ግን አልጠራም።

ልጄ ለእረፍት የመጣች ጊዜ በዚያው በር ላይ ትሪ ይዤ ቆሜ አይታኛለች። ያን ዕለት ትሪውን ከእጄ ተቀብላ ይዛልኝ ገባች። ጅዳ ከተመለሰች በኋላ ደወለችና፣ «እማ፣ ሁለተኛ ቴሌቪዥን ግዢ፤ ለቤትሽ፤ ስሱን። ውድ አይሁን፣ ግን አንቺው ምረጪው» አለችኝ። ቀጥላ ሌላ ነገር ነገረችኝ። በእኔ በኩል ባለው ቦታ ላይ የብሎኬት ቤት ልታሠራ አስባለች። አጎቷ ይህን ሰምቶ በየጊዜው እየደወለ፣ «እናትሽ የከተማ ነገር አታውቅም፣ ነጋዴ ይጫወትባታል፣ ሥራው በእኔ እጅ ይሁን» ይላታል። እሷ ገና አልወሰነችም።

ቴሌቪዥኑ ፈተና መሆኑን አላለችም። ግን ያሳደግኳት እኔ ነኝ። የማይረባ ሣጥን ታቅፌ ብመለስ ሲሚንቶውንም ቆርቆሮውንም የሚያራግፈው እሱ ይሆናል፤ ቤቱም የእሱ ሳሎን ቅጥያ ይሆንና እኔ ከጓሮ አንዲት ክፍል ይደርሰኛል። ይህን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም ነበር።

ወሬው እሱ ጆሮ ሲደርስ ቤቴ ድረስ መጣና ፍርዱን ነገረኝ። አዲሱ ለእንግዳ እሱ ሳሎን ይገባል፤ አሮጌው ለእኔ ይበቃኛል።

«ሁለቱንም የላከችው ልጄ ናት፣ ወንድም ጋሼ። አሮጌውን ለእርስዎ ትቼዋለሁ» አልኩት።

ባል አግብቼ በዚያ ግቢ ከገባሁ ጀምሮ መልስ ስመልስለት የመጀመሪያው ነበር። ጋቢውን አጣፍቶ ወጣ። እስኪመሽ ድረስም፣ እሱም የራሱን ትልቅ ፕላዝማ ሊገዛ መሆኑን ለሠፈር አዳረሰ። ያኔ እኛ አገር ስሱን ቴሌቪዥን ሁሉ ፕላዝማ ነበር የሚሉት፤ ትምህርት ቤት ተሰቅሎ ከሚያስተምረው የመጣ ስም ነው።

ለገበያ ቀን ወጣን። እኔ ብቻዬን ልሄድ ነበር፤ ሴት ብቻዋን ኤሌክትሮኒክስ ቤት ገብታ ምን ልትመልስ ብሎ ተከተለኝ። ሱቁ ከመኪና ማቆሚያው ዝቅ ብሎ ነው። ዕቃው ከደሴ በጭነት መኪና ተንገላቶ ነው የሚመጣው፤ ባለሱቁም ቴሌቪዥኖቹን ሁሉ አብርቶ ከሰው ራስ በላይ ባለ መደርደሪያ ላይ ደርድሯቸው፣ «የወረኢሉን መንገድ የቻለ ቴሌቪዥን ከዚህ በኋላ የሚገድለው የለም» እያለ ገበያተኛውን ያስቃል።

ቆሜ ሳያቸው ሁሉም አንድ ናቸው። ሁሉም ላይ አንድ ባለሥልጣን መንገድ እየመረቀ ሪባን ይቆርጣል፤ ያን ጊዜ ዜናው ሁሉ መንገድና ግድብ ነበር። የባሌ ወንድም ስሙን አገር የሚያውቀውን ዓይነት መረጠ፤ ሰፊውን ለራሱ፣ የዚያኑ ታናሽ ለእኔ። ባለሱቁም ምርጫውን አደነቀ። እውነቱን ለመናገር ለእኔም ደህና መስሎኛል፤ እሺ ልል ምንም አልቀረኝም ነበር።

ግን ከጠዋት ጀምሮ ቆሜ ጉልበቴ ዝሎ ነበርና ወለሉ ላይ በተጣለ ባዶ ካርቶን ላይ ቁጭ አልኩ። ቀና ስል ባለሥልጣኑ ጠቁሯል። ፊቱ ከሰል ሆኖ፣ ሪባኑና ልብሱ ተደባልቀው አንድ ጥላ ሆነዋል። መብራቱ የደከመ መስሎኝ ተነሳሁ፤ ሰውየው ወዲያው ፈካ። ተቀመጥኩ፤ ጠቆረ። እንደገና ተነሳሁ።

«ምነው፣ ሰላቷን እዚህ ጀመረች እንዴ?» አለ የባሌ ወንድም። ገበያተኛው በሩ ላይ ተሰብስቦ ነበርና ሳቀብኝ።

ሳቃቸውን አልሰማሁም ብል ውሸት ነው። ግን የእኔን ቤት አውቀዋለሁ። ቴሌቪዥኑ የሚቀመጠው ቁም ሣጥን ላይ ነው፤ እኔ የምቀመጠው ዝቅ ያለች ዱካ ላይ፣ እንግዳዬም ፍራሽ ላይ። ማንም ቆሞ አያይልኝም። ካርቶኑን በእግሬ እየገፋሁ በእያንዳንዱ ቴሌቪዥን ሥር ቁጭ ማለት ጀመርኩ።

ባለሱቁ አፈረልኝ መሰለኝ፣ «እማማ፣ ወንበር ላምጣልዎ?» አለ።

«ወንበሩን ተወው። እኔ ቤት በወንበር የሚቀመጥ የለም።»

አንዱ ጠቆረ፣ ሌላውም ጠቆረ፣ አንዱ ደግሞ ሰውየውን አረንጓዴ አደረገው። ጥግ ላይ፣ ጠርዙ ወፈር ያለ፣ ስሙን ማንም አንብቦ የማያውቀው ትንሽ ቴሌቪዥን ነበር፤ ርካሽ ለሚፈልግ ሰው የተቀመጠ። ሥሩ ቁጭ አልኩ። ባለሥልጣኑ እንደፈካ ቀረ። ወደ ግድግዳው ተጠጋሁ፣ በጎኔ ዘንበል አልኩ፤ ፊቱም አልጠፋ፣ የሪባኑም መልክ አልተለወጠ።

«ይኸኛውን ጠቅልልልኝ» አልኩ።

የባሌ ወንድም በሰው ፊት እጁን አወራጨ። «ስም የሌለው ዕቃ ይዘሽ ልጅቱን ልታሳዝኛት ነው። እኔ የለሁበትም፤ ሰው ይመስክርልኝ።»

«ይመስክር። እኔ የማየው ስሙን ሳይሆን ሰዎቹን ነው» አልኩት። ደግሞም «ያ የያዙት ከታች ሲታይ ይጨልማል» ብዬ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ በዚያው ምስክር ፊት ነገርኩት። እሱም መሬት ተቀምጦ ቴሌቪዥን የሚገዛ ሰው በዕድሜው አላየም ብሎ ሰዉን ዳግመኛ አሳቀና ሰፊውን አሸክሞ ሄደ።

በማግስቱ ልጄ ደወለች። አጎቷ ቀድሞኝ፣ እናትሽ ውራጅ የመሰለ ነገር አንጠልጥላ ገባች ብሏት ኖሯል። ድምጿ ተጨንቋል። ደህና ነው፣ ትንሽ ታገሺ አልኳት። ከዚህ በላይ ብል ክስ ይሆናል፤ እኔ ደግሞ ክስ አልወድም፤ ውጤት ነው የምወደው።

እሱ በዚያ ሰሞን ሳሎኑን ያድስ ነበር። ከዓረብ አገር የተመለሱት ሰዎች ቤት እንዳየው፣ ወንበሮቹን አውጥቶ ሸጦ ዙሪያውን መሬት ለመሬት የፍራሽ መጅሊስ አነጠፈበት። ቴሌቪዥኑን ደግሞ ልጆች እንዳይነኩት ብሎ እንደ መሥሪያ ቤት ከጣሪያው ሥር ግድግዳ ላይ አሰቀለው። ሚስማሩ ሲመታ ከጓሮ እሰማ ነበር። አንድ ጊዜ፣ ያውም በገበያ ፊት ተናግሬያለሁ። ሁለት ጊዜ የሚነገረው ለሕፃን ነው።

ዒድ መጣ። እንደ ልማዱ ዘመዱም፣ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ሳሎኑን ሞሉት። እኔ ግን ያን ዓመት ትሪ አልተሸከምኩም፤ የራሴን ምግብ ሠርቼ፣ ፍራሼን አንጥፌ፣ ቴሌቪዥኔን ከፍቼ ቤቴ ተቀመጥኩ። መስኮቴ ከሳሎኑ መስኮት አይርቅም። መጀመሪያ የሠፈራችን ትልቅ ሽማግሌ ድምፅ ተሰማኝ።

«ይህ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የከሰለ?»

የባሌ ወንድም መብራቱ ነው አለ። አንዱ ተነስቶ አየና፣ ኧረ ቆሞ ሲያዩት ደህና ነው አለ። ሌላው ተነሳ። በዒድ ቀን እንግዳ መጅሊስ ላይ ተጋብዞ እየተነሳ እየተቀመጠ ቴሌቪዥን ያያል። አንዲት ቀልደኛ ክርስቲያን ጎረቤታችን፣ «ወላሂ፣ ይሄስ የእኛን ስግደት መሰለ» ስትል ሳቁ እኔ ጋ ደረሰ። ቀድማ ወደ ቤቴ የመጣችውም እሷ ናት። ፍራሹ ላይ ተደላድላ አየችና ሌሎቹን በመስኮት ጠራች። ሴቶቹ መጡ፤ ወንዶቹ ቀጠሉ። የባሌ ወንድም ሚስት ራሷ ያልቀረበውን ትሪ ይዛ መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች። ቦታ ለቀቅሁላት፤ እሷም እንደ እኔ ዕድሜዋን ማድ ቤት ሆና የሰማች ናት። በመጨረሻ ሽማግሌው በዘንጋቸው በሩን እየመቱ፣ «እዚህ ቤት ሰው በመልኩ ይታያል አሉ» ብለው ገቡ።

እሱ የመጣው እንግዶቹን ሊመልስ ነው። በሩ ላይ ቆሞ አየን። ቤቱ ጢም ብሏል።

«ይግቡ፣ ወንድም ጋሼ። ከበሩ አጠገብ ቦታ አለ» አልኩት።

ተቀመጠ። ምን ያድርግ።

ገና አንገቱን ቀና ከማድረጉ ልጄ ለእንኳን አደረሰሽ ደወለች። ሽማግሌው ስልኩን ከእጄ ተቀብለው መረቋት፤ እናትሽ ማሻአላህ ዓይን ያላት ሴት ናት፣ ሠፈሩን ሁሉ ሰብስባ ይኸው ቤቷ ይዛናለች አሏት። ከዚያ ለአጎቷ አቀበሉት። ድምፁን ከፍ አድርገው ስለነበር የምትለውን ሁላችንም ሰማን። ከሰላምታ በኋላ ብሎኬቱ ሊጀመር መሆኑንና ከማን ጋር እንደምትነጋገር ጠየቀችው።

ዙሪያውን አየ። ያን ዕለት ገበያ የነበሩ ሰዎች ከፊቱ ተቀምጠዋል።

«ከእናትሽ ጋር ተነጋገሪ። እሷ ታውቀዋለች» አለና ስልኩን ሰጠኝ።

ቤቱን ያሠራሁት እኔ ነኝ። ግንበኛውን እኔ ጠራሁ፣ ብሎኬቱን እያንኳኳሁ እኔ ተረከብኩ። በሩንም በግቢው ወግ ወደ እሱ ደጅ ማዞር ሲገባኝ ወደ መንገዱ አደረግሁት። ይህ ቤተሰብን መለየት ነው ብሎ ሽማግሌ ላከብኝ። ሽማግሌዎቹን በአዲሱ በር አስገባኋቸው፣ አበላኋቸው፣ መረቁኝ፤ በአዲሱ በር ሸኘኋቸው።