የአባቴ ምንሽርና ሹሉ ጥይት

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ አኒስ ጆሃንስበርግ፣ ሜይፌር ሰፈር ወዳለው ሱቃችን ገብቶ፣ ባንኮኒው ላይ ከቆለልኩት ብርድ ልብስ አጠገብ አንድ ባዶ ቀለህ አቆመ። ከጓደኞቹ ጋር ዒላማ ሲተኩስ ውሎ መምጣቱ ነው፤ በሳምንቱ ደግሞ በአንደኛው ጓደኛው አባት እርሻ ላይ አጋዘን ሊያድኑ ተቀጣጥረዋል። "ማም፣ እስኪ አሽትቺው" አለኝ። "ስሪ-ኦ-ኤይት የሚባለው ጥይት ነው። ሌሎቹ ሰርቲ-ኦ-ሲክስ ይበልጣል ይላሉ፤ እኔ ገና አልወሰንኩም።" ስለ አያቱ የሚያውቀው ጥሩ ተኳሽ እንደነበሩ ብቻ ነው። ሳላስበው አሸተትኩት። የተቃጠለው ባሩድ አፍንጫዬን ሲነካው የታክሲዎቹ ጥሩንባም፣ የደንበኞቹ የዙሉ ሰላምታ፣ "ሳዉቦና ማማ"ም ራቀኝ፤ አገር ቤት፣ ከዋቤ ሸለቆ አፋፍ ላይ ባለው ቤታችን፣ አባቴ እግር ሥር የተቀመጥኩ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆንኩ።

አባቴ ሸምሱ በአገሩ የታወቀ ድኩላ አዳኝ ነበር፤ ጠመንጃ ሲመርጥ ግን ሚስት ከሚመርጥ ሰው በላይ ይጨነቃል እያለች እናቴ ትስቅበት ነበር። መጀመሪያ የያዘው ከአያቴ የወረሰውን ውጅግራ ነው፤ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ፣ ሲተኮስ አዳኙን ራሱን በጭስ የሚሸፍን፣ አባቴ እንደሚለው ጭሱ እስኪገለጥ ድኩላው ወንዝ ተሻግሮ ሣር የሚግጥበት ጠመንጃ። ቀጥሎ ላም ሸጦ ቤልጅግ ገዛ፤ እሱም ትከሻውን እየመታ ቢያስመርረው "ይሄ በቅሎ!" እያለ ሲሰድበው ከርሞ ሁለት ክረምት ሳይሞላው ለወጠው። በመጨረሻ ያገኘው ምንሽር ግን ልቡን ወሰደው፤ ሰደፉን በመዳፉ እየዳበሰ፣ አፈሙዙን ዘይት በነካ ጨርቅ እየወለወለ ዝም ብሎ የሚቀመጥበት ጊዜ ነበር።

የምንሽሩ ጥይት ሁለት ዓይነት ነበር። አንዱ ጫፉ ዱልዱም እርሳስ ነው፤ ሥጋ ውስጥ ገብቶ እዚያው ይቀራል። ሌላው ከወታደር እጅ የወጣ፣ መዳብ የለበሰ ሹል ነው፤ በስቶ ያልፋል። "ሹሉ ለጦር ሜዳ እንጂ ለዱር አይሆንም፤ የት እንደሚያርፍ የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው" ይለኝ ነበር። ይህን ደጋግሞ የሚነግረኝ፣ ጥይቶቹን ወልውዬ ዝናሩ ውስጥ የምሰካው እኔ ስለነበርኩ ነው። ወንድ ልጅ አልነበረውም፤ ቢኖረውም ይህን ሥራ ለማንም አልለቅም ነበር።

በኢድ ማግስት አባቴና የእናቴ ወንድም፣ አጎቴ ነስሩ፣ አብረው ሊወጡ ተነሡ። አጎቴ ጠመንጃ አይዝም፤ ድኩላውን ከጥሻው አስነሥቶ ወደ አባቴ የሚነዳው እሱ ነው። ቀልደኛ ነበር፤ "ሸምሱ በከንቱ ጥይት ይጨርሳል እንጂ ድኩላ እኔን ሲያይ በሳቅ ነው የሚሞተው" ይል ነበር። ያን ጠዋት ዱልዱሞቹ ጠቋቁረው አስጠሉኝ፤ ሹሎቹ ግን እንደ ጉትቻ ያብረቀርቃሉ። በዓል ነው፣ የአባቴ ዝናር ይመር ብዬ አምስት ሹል መርጬ ሰካሁ። አባቴ ሲታጠቀው አጎቴ "ዛሬስ ሙሽራ መስለሃል!" አለውና እየተሳሳቁ ወጡ።

ከሰዓት በኋላ አጎቴን በቃሬዛ ይዘውት መጡ። ጥይቱ የድኩላውን ጎድን በስቶ አልፎ፣ ከጥሻው ጀርባ ይዞር የነበረውን እሱን አገኘው። ደጃችን ሳይደርስ ሞቷል። እናቴ ቃሬዛው ላይ ስትወድቅ አባቴ ሁለት እጆቹን ዘርግቶ፣ የማን እንደሆኑ የጠፋው ይመስል ያያቸው ነበር።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ከመካከላቸው አባቴን ከልጅነቱ የሚያውቁት አንዱ፣ "ሸምሱ፣ አንተ ሹል ጥይት ለአደን ይዘህ አታውቅም። ማን ነው የመረጠልህ?" ሲሉት ከበሩ ኋላ ቆሜ ነበር።

አባቴ ቀና እንኳ ሳይል፣ "እኔው ነኝ የመረጥኩት። ጥፋቱ የኔ ነው" አለ።

እናቴ ሰማችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እስክትሞት ድረስ ምግቡን ታቀርብለታለች እንጂ አብራው በልታ አታውቅም። እኔም በሁለቱ መሐል ተቀምጬ፣ የእሱን ሸክም የምታቀል፣ እናቴን ግን የምታሳጣኝ አንዲት ቃል ጉሮሮዬ ላይ ይዤ አደግሁ።

አባቴ ምንሽሩን ለሽማግሌዎቹ አስረከበ። ድኩላዎቹ ይህን የሰሙ ይመስል ከሸለቆው እየወጡ ጓሯችን ድረስ ይመጡ ጀመር። አባቴ ጎመናችንን ሲበሉ ዝም ብሎ ያያቸዋል፤ ድንጋይ ባነሣ፣ "ተያቸው" ይለኛል።

ጆሃንስበርግ ከገባሁ ከብዙ ዓመት በኋላ መታመሙን ሰምቼ ደወልኩ። እናቴ ከሞተች ቆይታለች፤ የምፈራው ሰው አልቀረም።

"አባዬ፣ ሹሎቹን አውቄ ነው የሰካሁት። ስላማሩኝ ነው" አልኩት።

"ሹሉን ሳጎርሰው አይቼዋለሁ እኮ ልጄ" አለኝ። "ይሁን ብዬ ነው የተኮስኩት። የሚጠየቀው ያየ ሰው ነው፤ አንቺ ልጅ ነበርሽ።"

በሳምንቱ አረፈ። እኔ የማውቀው አባቴ ጥይት ሳያይ የሚያጎርስ ሰው አልነበረም፤ ሹል አይቶ የሚያጎርስ ሰውም አልነበረም። እውነቱን ነግሮኝ ይሁን ወይስ ለሁለተኛ ጊዜ ዋሽቶልኝ፣ የምጠይቀው ሰው የለኝም። ሽማግሌዎቹም አልፈዋል፤ ያቺን ዕለት የሚያስታውስ ሰው ቢፈለግ፣ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።